ሚሊዮኑ የማን ነው? ጆን ሃርትፊልድና የበርሊን ፖስተሮቹ

ሥዕሉን መጀመሪያ ያየሁት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ለማስታወቂያ ኮርሳችን የሚሆን ምሳሌ ስፈልግ አንድ የቆየ የግራፊክስ መጽሐፍ ውስጥ የራጅ ፎቶ አገኘሁ። የሆስፒታል ማስታወቂያ መስሎኝ ላልፈው ስል ዓይኔ አከርካሪው ላይ አረፈ። ለካ አጥንት ሳይሆን የተደራረበ ሳንቲም ነው! ከጉሮሮ እስከ ሆድ ወርቅ ይወርዳል፤ በልብ ቦታ የናዚ መስቀል አለ። አፉን ከፍቶ የሚደሰኩረው ሰውዬ ደግሞ ሂትለር ነው። ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ሰውዬው ወርቅ እየዋጠ ቆርቆሮ እንደሚያወራ ይናገራል፤ በጀርመንኛ ቆርቆሮ ማውራት መቀባጠር ማለት ነው።

የሠራው ጆን ሃርትፊልድ ይባላል። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1891 በርሊን ሲወለድ ስሙ ሄልሙት ሄርዝፌልድ ነበር። በ1899 ወላጆቹ እሱንና ታናናሾቹን ጥለው ጠፉ፤ ልጆቹም በሰው እጅ አደጉ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አገሩ ላይ የእንግሊዝ ጥላቻ ሲነዛ፣ እሱ በ1916 ስሙን ወደ እንግሊዝኛ ቀየረ። እልኸኛ ሰው ነው እንግዲህ።

ለእኛ ዲፓርትመንት የሚጠቅመው ግን ሌላው ነገር ነው። ሃርትፊልድ ሙኒክ ውስጥ ጥበብ ከተማረ በኋላ ማንሃይም ከተማ የንግድ ሥዕል ይሠራ ነበር። ስለዚህ የማስታወቂያውን ሙያ ከውስጥ ያውቀዋል፤ አላፊ አግዳሚ ቆሞ እንደማያነብ፣ አንድ ትልቅ ምስልና ጥቂት ቃላት እንደሚበቁ ያውቃል። የኮሙኒስት ፓርቲ አባል ስለነበር በ1928ቱ ምርጫ የፓርቲው ዝርዝር ቁጥር 5 ሲሆን አንድ የሠራተኛ እጅ አምስት ጣቱን ዘርግቶ አሳየ። በቃ፣ ሌላ ምንም አላስፈለገውም። እውነቱን ለመናገር ብዙዎቻችን ለክፍል ሥራ የምናቀርበው ፖስተር ላይ ያለው ጽሑፍ ከዚህ አሥር እጥፍ ይሆናል።

የራጁ ሥዕል በሐምሌ 1932 የሠራተኞች ሥዕላዊ መጽሔት ላይ ወጣ። ከዚያም በትልቁ ታትሞ በርሊን ከተማ ውስጥ ተለጠፈ። እንግዲህ አስቡት፤ ሰው የሳሙናና የሲጋራ ማስታወቂያ ማየት በለመደበት ጎዳና ላይ የገንዘብ ሆድ ተከፍቶ ሲታይ!

በጥቅምት ወር የወጣው ደግሞ ይብሳል። ሂትለር ክንዱን አጥፎ መዳፉን ወደ ኋላ ከፍቶ ሰላምታ ይሰጣል። ከበስተኋላው አንድ ግዙፍ ወፍራም ሰው ቆሞ መዳፉ ላይ የብር ኖት ያስቀምጣል። የግዙፉ ሰው ፊት አይታይም፣ ሥዕሉ ከአንገቱ በላይ ተቆርጧል። ሂትለር ሚሊዮኖች ከኋላዬ ናቸው እያለ ይፎክር ነበርና ሃርትፊልድ ያንኑ ንግግር ወስዶ ሚሊዮኑ ሕዝብ ሳይሆን ገንዘብ ነው አለ። ቀልዱ በአማርኛም ሳይጎድል መሥራቱ ያስገርማል።

ታዲያ እውነት ነበር? እዚህ ላይ ትንሽ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። እንደ ፍሪትስ ቲሰን ያሉ ባለፋብሪካዎች ለናዚዎች ገንዘብ መስጠታቸው የታወቀ ነው። ነገር ግን ከ1933 በፊት የፓርቲው ገቢ በአብዛኛው የአባላት መዋጮ እንደነበር የታሪክ ምሁራን ያሳያሉ። ስለዚህ ፖስተሩ አጋኗል፤ ያንን ሁሉ መራጭ ሕዝብ ደብቆ አንድ ወፍራም ሰውዬ ብቻ አሳየን። በሌላ በኩል ግን ሥዕሉ ከወጣ ከአራት ወር በኋላ፣ የካቲት 20 ቀን 1933፣ ሂትለር ሥልጣን ይዞ ከሃያ በላይ ባለኢንዱስትሪዎችን በርሊን ውስጥ ሰበሰበና ለምርጫው 3 ሚሊዮን ማርክ እንዲያዋጡ ተጠየቁ። ብዙዎቹም አዋጡ። በእኔ አስተያየት ሃርትፊልድ ስለ ትናንቱ ተሳስቶ ስለ ነገው ልክ ነበር።

ምን ዋጋ አለው፣ የሳቀው ሕዝብ ሂትለርን አላስቆመም። በሚያዝያ 1933 ናዚዎች ቤቱን ሰብረው ሲገቡ ሃርትፊልድ ከሰገነት ዘሎ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ተደበቀ፤ ከዚያም ተራራውን በእግሩ አቋርጦ ቼኮዝሎቫኪያ ገባ። በ1934 ፕራግ ውስጥ ሥራዎቹ ለኤግዚቢሽን ሲቀርቡ የጀርመን መንግሥት ተቆጥቶ አንዳንዶቹን አስነሳ። በ1938 ወደ ለንደን ሸሸ። እዚያም ስሙን እስከመቀየር ድረስ የቆመላት አገር በ1940 ጀርመናዊ ነህ ብላ አሰረችው።

በ1950 ወደ ምሥራቅ ጀርመን ተመለሰ። የገዛ ጓዶቹ እንግሊዝ አገር ብዙ ቆይተሃል ብለው ጠረጠሩት። ብሬሽትና ስቴፋን ሃይም ተሟግተውለት የሥነ ጥበብ አካዳሚ አባል የሆነው በ1956 ነው። በበርሊን የቲያትር መድረክና ፖስተር እየሠራ ቆይቶ በሚያዝያ 26 ቀን 1968 አረፈ። በእነዚያ አሥራ ስምንት ዓመታት የአዲሶቹን አለቆቹን ሆድ በራጅ አላሳየንም።