ዶክተር ኧርቪንግ ስታይን፦ የፒሲኦኤስ ጥናት የጀመረባቸው ሰባት ሴቶች

ከጪጩ ወደ ዲላ ወጥተው አልትራሳውንድ ታይተው ከሆነ፣ ወይም ልጅዎን አሊያም ባለቤትዎን አሳይተው ከሆነ፣ በውጤቱ ላይ «ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ» የሚል አንብበው ደንግጠው ይሆናል። ብዙ ኪስት ያለበት የእንቁላል ማምረቻ ማለት ነው። ስሙ ከችግሩ በላይ ያስፈራል። ከየት እንደመጣ ለመረዳት የአንድ አሜሪካዊ የማህፀን ሐኪም ታሪክ ይጠቅምዎታል።

ዶክተር ኧርቪንግ ስታይን እ.ኤ.አ. በ1887 በቺካጎ ተወለዱ፤ በ1912 ከረሽ ሕክምና ኮሌጅ ተመረቁ፤ በዚያው ከተማ በማይክል ሪስ ሆስፒታል ለረጅም ዘመን ሠሩ። ትኩረታቸው መውለድ ያልቻሉ ሴቶች ላይ ነበር። ያኔ አልትራሳውንድ አልነበረም። የእንቁላል ማምረቻውን ለማየት ሆድ ውስጥ ጋዝ አስገብተው ራጅ ያነሱ ነበር፤ ታካሚዎቹ ምን ያህል እንደታገሡ አስቡት!

እሳቸውና ባልደረባቸው ዶክተር ማይክል ሌቨንታል የወር አበባቸው የቀረ፣ ሁለቱም የእንቁላል ማምረቻዎቻቸው የተለቁ ሴቶችን አገኙ። አንዳንዶቹ ፊታቸው ላይ ፀጉር ይበቅል ነበር። ለምርመራ ከማምረቻው ትንሽ ቆርጠው ሲወስዱ ያልጠበቁት ሆነ፤ የወር አበባው ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ሆን ብለው ሰፋ ያለ ክፍል እየቆረጡ ማውጣት ጀመሩ። በ1935 ባሳተሙት ጽሑፍ የሰባት ሴቶችን ታሪክ አቀረቡ። የሰባቱም የወር አበባ ተመልሷል፤ ሁለቱ አርግዘዋል።

ያልወለደች ሴት መካን ተብላ በምትተውበት ዘመን ይህ ትልቅ ዜና ነበር። በእኔ እምነት የስታይን ውለታ ቢላዋው ሳይሆን፣ ችግሩ ሊስተካከል እንደሚችል ማሳየታቸው ነው።

ሆኖም ሰባት ሰው ጥቂት ነው፤ ካልታከሙ ሴቶች ጋርም አልተነጻጸሩም። ቀዶ ሕክምናው የሚተወው ጠባሳ ደግሞ የሆድ ዕቃን እርስ በርስ እያጣበቀ ራሱ እርግዝናን ሊከለክል ይችል ነበር። በ1960ዎቹ ክሎሚፊን የተባለው ኪኒን ሲመጣ ቀዶ ሕክምናው እየቀረ ሄደ። ስታይን በ1976 አረፉ።

ጥናቱ ግን ቀጠለ። በ2014 በታተመ ጥናት 750 ሴቶች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው፣ ገሚሶቹ ክሎሚፊን፣ ገሚሶቹ ሌትሮዞል ወሰዱ። ክሎሚፊን ከወሰዱት ከመቶ 19 ያህሉ፣ ሌትሮዞል ከወሰዱት ከመቶ 28 ያህሉ ወለዱ። ሌትሮዞል መጀመሪያ የጡት ካንሰር መድኃኒት ነው፤ ከታዘዘልዎ በማሸጊያው ውስጥ ያለውን ወረቀት አንብበው አይደንግጡ።

ስታይን ኪስት ያሏቸው ዛሬ እንደሚታወቀው ዕድገታቸው መሐል ላይ የቆመ ትናንሽ የእንቁላል ከረጢቶች ናቸው። የችግሩ ሥር የሆርሞን መዛባት ነው፤ በብዙዎች ላይ ደግሞ ሰውነት ኢንሱሊንን በሚገባ አለመጠቀሙ። እነዚህ ከረጢቶች ተቆርጠው መውጣት አያስፈልጋቸውም። ለብቻው የሚያድግ ትልቅ ኪስት ሌላ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ኪስት አለ ከተባሉ የትኛው እንደሆነ ሐኪምዎን ይጠይቁ።

ልጅ ባይፈልጉም፣ እርግዝና ሳይኖር የወር አበባ ከሦስት ወር በላይ ከቀረ ይታዩ፤ የማህፀን ውስጠኛ ግድግዳ እየወፈረ ሄዶ ከዓመታት በኋላ ለካንሰር ሊያጋልጥ ይችላል። የደም ስኳርዎንም ያስለኩ። ልጅ ከዘገየ ደግሞ ባልም አብሮ ይመርመር።