ድንጋዩና መዝገቡ፤ የአና ሊዮኖወንስ የሕይወት ታሪክ

በካናዳ አገር በሞንትሪያል ከተማ፣ ሞንት ሮያል በሚባለው ኮረብታ ላይ ባለው የመቃብር ስፍራ፣ ስለ አንዲት ሴት የሚናገር የመታሰቢያ ድንጋይ ቆሞአል። ሴቲቱ አና ሊዮኖወንስ ትባላለች፤ ያረፈችውም በ1915 በጥር ወር ነው። ድንጋዩ እርሷ የአንድ ሻለቃ ተወዳጅ ሚስት እንደ ነበረች ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ይመሰክራል። ነገር ግን ባሏ ሻለቃ አልነበረም፤ በህንድ አገር በጽሕፈት ቤት የሚሠራ ዝቅተኛ ጸሐፊ ነበር። ይህንንም የሚናገሩት ከድንጋዩ በፊት ብዙ ዘመን ቀድመው የተጻፉ መዝገቦች ናቸው። ዘሩን እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥር ሰው የትውልድ ነገር ምን ያህል እንደሚከብድ ያውቃልና፣ የዚህችን ሴት ታሪክ በትዕግሥት እንመልከት። በዚህ ጽሑፍ የተነገሩት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

አና በሕይወቷ ሳለች ስለ ራሷ ስትናገር እንዲህ ትል ነበር። የተወለደችው በ1834 በዌልስ አገር ካርናርቨን በምትባል ከተማ ነው። አባቷ ክራውፎርድ የሚባል ሻምበል ሲሆን በህንድ አገር በጦርነት ሞተ። እርሷም በእንግሊዝ አገር ትምህርቷን ፈጽማ በ15 ዓመቷ ወደ እናቷ ወደ ህንድ ተሻገረች። በዚያም አንድ ወጣት መኮንን አግብታ በደስታ ስትኖር፣ ባሏ ነብር ሊያድን ወጥቶ ፀሐይ መታውና ሞተባት። ልጆቿ ይህን ታሪክ አምነው አደጉ፤ የልጅ ልጆቿም ከእነርሱ ተቀበሉት። በ1944 ማርጋሬት ላንደን የተባለች አሜሪካዊት ስለ አናና ስለ ሲያም ንጉሥ መጽሐፍ ስትጽፍ ይህንኑ ታሪክ እንደ ተነገራት አሰፈረችው። ላንደን ራሷ ከሚስዮናዊ ባሏ ጋር በሲያም አገር ብዙ ዓመት የኖረች ሴት ነበረች። መጽሐፉ በ1951 በመዝሙርና በጭፈራ የሚታይ ቴያትር፣ በ1956 ደግሞ ሲኒማ ሆኖ ወጣ፤ የአናም ስም በዓለም ሁሉ ተሰማ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። የታሪኩን መሸፈኛ የገለጠው ሰው የታሪክ ሊቅ አልነበረም፤ ስለ ሸረሪቶች ጠባይ በመመርመር የታወቀ ብሪስቶው የሚባል እንግሊዛዊ ነበር። ይህ ሰው በሥራው ምክንያት ወደ ሲያም አገር ሄዶ ስለ ነበር፣ በዚያ አገር በንግድ ስለ ታወቀው ስለ አና ልጅ ስለ ሉዊስ መጽሐፍ ሊጽፍ አሰበ። እንደ ደንቡም ከልደት ጀመረ። ሉዊስ ተወለደባት በተባለችው በሎንዶን መዝገብ ስሙን ፈለገ፤ አላገኘውም። ስለ እናቱ የተነገረውንም ሲመረምር በዌልስ ምንም ምስክር አጣ። ሸረሪት የዘረጋችውን ድር እየተከተለ መመልከት የለመደ ሰው ነበርና፣ ክሩ ወዴት እንደሚያደርሰው ለማየት ወደ ህንድ መዝገቦች ዞረ። በ1976 ባሳተመው መጽሐፍ ያገኘውን ገለጠ። ከእርሱም በኋላ ሱዛን ሞርጋን በ2008፣ አልፍሬድ ሃቤገር በ2014 ምርመራውን አስፍተው ጻፉ።

መዝገቦቹ እንዴት ተጠብቀው እንደ ቆዩ ማወቅ ይጠቅማል። ያን ጊዜ ህንድን ይገዛ የነበረው የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ በጦር ሰፈሮቹ ሁሉ ቀሳውስት ነበሩት። እነዚህ ቀሳውስት ያጠመቁትን ሕፃን፣ ያጋቡትን ሙሽራና የቀበሩትን ሬሳ በመዝገብ ይጽፋሉ፤ የመዝገቡም ግልባጭ ከቦምቤይ፣ ከማድራስና ከቤንጋል ወደ ሎንዶን ይላካል። ጄኔራሉም ተራው ወታደርም በአንድ ዓይነት ቀለም፣ በአንድ ዓይነት መስመር ይጻፉ ነበር። ስለዚህ በሰው ዓይን የተናቀው ልጅ ስም ከታላላቆቹ ስም ጋር ጎን ለጎን ተቀመጠ፤ ዛሬም በብሪታንያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል።

ከእነዚህ መዝገቦች የተገኘው እውነት ይህ ነው። አና የተወለደችው በዌልስ ሳይሆን በህንድ አገር፣ በቦምቤይ ግዛት ባለችው አሕመድናጋር በምትባል የጦር ሰፈር፣ በኅዳር ወር 1831 ነው። ስሟ አን ሃሪየት ኤድዋርድስ ነበር። አባቷ ቶማስ ኤድዋርድስ በእንግሊዝ አገር በአናጢነት ይሠራ የነበረ፣ በኋላም በኩባንያው የመሐንዲስ ጦር ተቀጥሮ የሃምሳ አለቃ የሆነ ሰው ነው። እርሷ ከመወለዷ ሦስት ወር ቀድሞ ሞተ፤ ልጁንም ሳያይ ተቀበረ። እናቷ ሜሪ አን ግላስኮት አንዲት ሕፃን ልጅና ገና የምትወለድ ሌላ ልጅ ይዛ በጦር ሰፈር መበለት ሆነች። በወታደሮች መካከል ያለ ባል መኖር ለሴት የከበደ ነበርና፣ በ1832 መጀመሪያ ዶኖሁ የሚባል አየርላንዳዊ የአሥር አለቃ አገባች። አናም በእንጀራ አባቷ ቤት አደገች።

ምርመራው ከዚያም ወደ ኋላ ሄደ። የእናቷ አባት ዊልያም ግላስኮት በቦምቤይ ጦር የሚያገለግል እንግሊዛዊ መኮንን ነበር። የእርሱ ስም፣ ማዕረጉና ያገለገለበት ጦር ተጽፎ ይገኛል። ልጆቹን የወለደችለት ሴት ግን በመዝገቡ የለችም። መርማሪዎቹ የህንድ ተወላጅ ወይም ክልስ እንደ ነበረች ከነገሩ ሁሉ አመዛዝነው ይናገራሉ። የዚያን ዘመን መኮንኖች ብዙዎቹ ከአገሩ ሴቶች ይወልዱ ነበር፤ ቀሳውስቱም የአባትየውን ስም ጽፈው እናቲቱን ይተዋት ነበር። እንግዲህ አና በኋላ አያቷን የሰወረቻት ብቻዋን አይደለችም፤ ከእርሷ በፊት መዝገብ ጸሐፊዎቹ ሰውረዋት ነበር።

አና ይህን ሁሉ ለምን ደበቀች? በዚያ ዘመን በህንድ የነበሩ እንግሊዞች ሰውን በሁለት ሚዛን ይመዝኑ ነበር፤ አንዱ ማዕረግ፣ ሁለተኛው ደም ነው። ኩባንያው በ1791 ባወጣው ደንብ፣ ከወላጆቹ አንዱ ህንዳዊ የሆነ ሰው በመንግሥት ሹመትና በጦር መኮንንነት እንዳይገባ ከልክሎ ነበር። የተራ ወታደር ልጅም በመኮንኖች ቤት እንግዳ ሆና አትቀመጥም ነበር። በአና ላይ ሁለቱም ነገሮች ተደርበውባታል። ይሁን እንጂ ብርቱ አእምሮ ነበራት፤ መጽሐፍ ትወድ ነበር፤ በዙሪያዋ የሚነገሩትን የህንድ ቋንቋዎችም አወቀች። ይህን ሁሉ የሰጣት ያ የናቁት የጦር ሰፈር ነው።

በ1849 በልደት በዓል ቀን፣ በ18 ዓመቷ፣ በፑና ከተማ ቶማስ ሊዮን ኦወንስ የሚባለውን ጸሐፊ አገባች። የመጀመሪያ ልጃቸው ሁለት ዓመት ሳይሞላት ሞተች። ከዚያ በኋላ ኑሮ ለማሻሻል ወደ ምዕራብ አውስትራሊያ በመርከብ ተጓዙ፤ በመንገድ የተወለደውም ወንድ ልጅ አንድ ዓመት ጥቂት ካለፈው በኋላ ሞተ። በዚያ አገር በ1854 አቪስ የምትባለው ሴት ልጅ፣ በ1856 ደግሞ ሉዊስ ተወለዱ። ኑሮው አልቀና ስላላቸው ወደ ፔናንግ ደሴት ተሻገሩ። በ1859 ባሏ በዚያ በድንገተኛ ሕመም ሞተ። ነብር ማደን የሚባል ነገር አልነበረም። አና በ27 ዓመቷ ሁለት ሕፃናት ይዛ፣ ገንዘብም ዘመድም በሌለበት በባዕድ አገር ቀረች።

አዲሱ ታሪክ የተጀመረው በዚህ ጊዜ ነው። ወደ ሲንጋፑር ሄዳ ለእንግሊዝ መኮንኖች ልጆች ትምህርት ቤት ከፈተች። መኮንኖቹ ለአንድ ሻለቃ መበለት ልጆቻቸውን ይሰጣሉ፤ ለአንድ ክልስ የሃምሳ አለቃ ልጅ ግን አይሰጡም። ስለዚህ የባሏን ሁለት ስሞች በአንድነት አጣምራ ሊዮኖወንስ ተብላ ተጠራች፤ የተወለደችበትን አገር ለወጠች፤ ዕድሜዋንም ሦስት ዓመት ቀነሰች። ልጆቿን ለማብላት ብላ የተናገረችውን ነገር ከዚያ በኋላ ዕድሜዋን ሁሉ ልትጠብቀው ግድ ሆነባት።

በ1862 የሲያም ንጉሥ ሞንግኩት ልጆቻቸውንና ሚስቶቻቸውን እንግሊዝኛ የምታስተምር ሴት ፈለጉ። ከዚያ ቀደም የአሜሪካ ሚስዮናውያን ሴቶች በቤተ መንግሥቱ አስተምረው ነበር፤ ንጉሡ ግን የቡድሃ ሃይማኖት ጽኑ ተከታይ ነበሩና፣ አዲሲቱ መምህርት ቋንቋና ዕውቀት ብቻ እንድታስተምር በደብዳቤ አስታወቁ። አና አቪስን ወደ እንግሊዝ ትምህርት ቤት ላከች፤ ሉዊስን ይዛ ወደ ባንኮክ ሄደች። በዚያ አምስት ዓመት ያህል አስተማረች፤ ለንጉሡም የእንግሊዝኛ ደብዳቤ በመጻፍ ረዳች። ከተማሪዎቿም አንዱ በኋላ የነገሡት ቹላሎንግኮርን ነበሩ። በ1867 ለዕረፍት ወጣች፤ በማግሥቱ ዓመት ንጉሡ ስለ ሞቱ ወደ ሥራዋ አልተመለሰችም።

ከዚያም በአሜሪካ ኑሮዋን በብዕሯ ለመደገፍ ተነሣች፤ ከ1870 ጀምሮ ስለ ሲያም ቤተ መንግሥት ሁለት መጻሕፍት አወጣች። በመጻሕፍቷ ስለ ባርነትና በአጥር ውስጥ ስለ ተዘጉ ሴቶች በብርቱ ተናገረች፤ ይህም ብዙ አንባቢዎችን አነቃ። ነገር ግን ስለ ራሷ ታሪክ መፍጠር የለመደ ብዕር ስለ ሌላም ሰው ሳይጠነቀቅ ጻፈ። ንጉሥ ሞንግኩት ከመንገሣቸው በፊት 27 ዓመት በምንኩስና የኖሩ፣ ላቲንና እንግሊዝኛ የተማሩ፣ የከዋክብትን ሂሳብ የሚያውቁ ሰው ነበሩ። በእርሷ መጽሐፍ ግን ጨካኝና ቁጡ ሆነው ታዩ። የአገሩ ሰዎች በዚህ እስከ ዛሬ ያዝናሉ፤ በ1956 የወጣውም ሲኒማ በታይላንድ እንዳይታይ ተከልክሎአል። እዚህ ላይ በደሉ በራሷ አልቀረም፤ ራሳቸውን ሊከላከሉ በማይችሉ በሟች ሰው ላይ ደረሰ።

አና በኋላ ልጇ አቪስ ከባንክ ሹሙ ባሏ ጋር በምትኖርበት በካናዳ በሃሊፋክስ ከተማ ተቀመጠች። በዚያም የንባብ ማኅበር አቋቋመች፤ ለሴቶች የመምረጥ መብት ተከራከረች፤ በ1887 የተከፈተውንና ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሆነውን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከሌሎች ጋር መሠረተች። የልጅ ልጆቿንም አሳደገች፤ አስተማረች። በዚህ ሁሉ ከበሬታ መካከል ግን የተዘጋ በር ነበረ። ኤሊዛ የምትባል አንዲት እኅት ነበረቻት፤ ገና በልጅነቷ ወታደር አግብታ በህንድ ቀርታለች። ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ ከእኅቷ ወገን የሆነ ሰው ዘመድነቱን ገልጦ ሊገናኛት ሲፈልግ፣ አና እጅግ ደንግጣ በብርቱ ቃል ከለከለችው። በሲኒማ ቦሪስ ካርሎፍ በሚባል ስም የታወቀው እንግሊዛዊ ተዋናይ የዚችው የኤሊዛ የልጅ ልጅ ነው። ሁለቱ ወገኖች እንደማይተዋወቁ ሆነው ኖሩ።

በ1897 ንጉሥ ቹላሎንግኮርን ወደ ሎንዶን በመጡ ጊዜ አና አሮጊት ሆና የቀድሞ ተማሪዋን አገኘች። እኒህ ንጉሥ በ1874 ባርነትን የሚቀንስ ሕግ አውጥተው ነበር፤ በ1905 ደግሞ ፈጽመው አስቀሩት። የመምህርቲቱ ትምህርት በዚህ ምን ያህል ድርሻ እንደ ነበረው ሊቃውንት ይከራከራሉ፤ ንጉሡ ግን መምህርታቸውን አልረሱም።

መዝገቡ ከተገለጠ ወዲህ ብዙዎች አና ሐሰተኛ ናት ብለው፣ በእውነት የሠራችውን እንኳ መጠራጠር ጀመሩ። የሰወሩት ነገር ዋጋ ይህ ነው፤ አንዱ ሐሰት ሲገኝ አሥሩ እውነት አብሮ ይከሰሳል። ነገር ግን መዝገቡን እስከ መጨረሻው ለሚያነብ ሰው ክሱ ብቻ አይታየውም። በዌልስ የተወለደች የሻምበል ልጅ ተምራ መምህርት ብትሆን ምን ያስደንቃል? አባቷን ሳታይ በጦር ሰፈር የተወለደች፣ ስሟ ያልተጻፈ የህንድ ሴት የልጅ ልጅ፣ ሁለት ልጆቿን ቀብራ በባዕድ አገር መበለት የሆነች ሴት፣ በሁለት ሕፃናት እጅ እየተያዘች የነገሥታት መምህር ለመሆን መድረሷ ግን ያስደንቃል። አና ልታፍርበት የወደደችው ትውልድ ከፈጠረችው ትውልድ ይልቅ ያከብራታል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ በእርሷ ላይ ከመፍረዳችን በፊት ሁለተኛውን ጥያቄ እንጠይቅ። እውነቱን ብትናገር ኖሮ በሲንጋፑር ልጁን የሚሰጣት ማን ነበር? ሐሰቱን የተናገረችው አና ናት፤ እውነቱን ከተናገሩ እንጀራ የማይገኝበት ሚዛን የሠሩት ግን ሌሎች ናቸው። በሞንትሪያል ያለው ድንጋይ ዛሬም ባሏን ሻለቃ ይለዋል፤ በሎንዶን ያለው መዝገብም ዛሬ የሃምሳ አለቃውን ልጅ በስሟ ይጠራታል። በመካከላችን የአባቷን ሥራና የአያቷን ወገን ለመናገር የምትፈራ ልጅ ብትኖር፣ ፍርሃቱን ያስተማራት ማን እንደ ሆነ እያንዳንዳችን ወደ ራሳችን እንመልከት።