ዓይነ ሥውሩ ሁበርና የንቧ አውራ

መርካቶ ውስጥ ጥሬ ማር የሚሸጥ ሰው ስለ ንብ ብትጠይቁት ቀፎውን የሚመራው አውራው ነው ይላችኋል። አውራ ሲባል ወንድ ይመስላል እንጂ ለካ ሴት ናት። ይሄ ከሁበር በፊትም ታውቆ ነበር። ሳይታወቅ የቆየው ከድንጉላው፣ ማለትም ከወንዱ ንብ ጋር የትና እንዴት እንደምትገናኝ ነው። ይህን የፈታው ዓይኑ የማያይ ሰው ነው።

ፍራንስዋ ሁበር እ.ኤ.አ. በ1750 በጄኔቭ ከተማ ተወለደ። ገና በ15 ዓመቱ ገደማ ዓይኑ ይደክም ጀመር፤ በኋላም ታወረ። እጮኛውን ማሪ ኤሜ ሉላንን አባቷ ቢከለክሏትም፣ በሕግ ራሷን የምትችልበት ዕድሜ እስኪደርስ ጠብቃ አገባችው። ሌላው ዓይኑ ደግሞ አገልጋዩ ፍራንስዋ ቡርነንስ ነበር። ሁበር ይጠይቃል፣ ቡርነንስ ያያል፤ እንደ መጽሐፍ ቅጠል የሚገለጥ ቀፎም ሠሩ።

በዚያ ዘመን አንዳንዱ የድንጉላው ሽታ ብቻ ይበቃታል ሲል፣ ሌላው እንደ ዓሣ እንቁላሉ ላይ ይረጭበታል ይል ነበር። ሁበር አውራዎችን ቀፎ ውስጥ ዘጋባቸው። ድንጉላ ሞልቶ እያለ መካን ሆነው ቀሩ። ሌሎቹን ሲለቃቸው ግን በረው ወጡና ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይተው ተመለሱ፤ ጭራቸው ላይ የድንጉላው ብልት ተሰክቶ ነበር። ከሁለት ቀን ገደማ በኋላ እንቁላል ጣሉ። ይህንን እ.ኤ.አ. በ1792 በመጽሐፍ አወጣው።

እኔን የሚገርመኝ የድንጉላው ነገር ነው። ሲገናኛት ብልቱ ተቦጭቆ ወዲያው ይሞታል። ታዲያ ተፈጥሮ እንዲህ ያለውን ፍጡር ለምን አላጠፋችውም? ነገሩ ዕድሜ ብቻውን አይቆጠርም፤ የሚቆጠረው የሚተርፈው ዘር ነው። እኛ ሰፈር፣ አዲስ ከተማ፣ ለጠጅ ከተገዛ ማር ሰፈፍ ውስጥ የሞቱ ንቦች ለቅሜ አይቻለሁ። የድንጉላው ዓይን ትልቅ ነው፣ ጭንቅላቱን ሊሸፍነው ምንም አልቀረው። መውጊያ ግን የለውም፤ የአበባ ዱቄት መሸከሚያም የለውም። ሰውነቱ በሙሉ አውራዋን አይቶ ለማሳደድ የተሠራ ነው። ቢቆጠብም ብዙ አያተርፍም፤ አበባ ሲጠፋ ሠራተኞቹ ያባርሩታል እኮ።

አውራዋም ብትሆን በነፃ አታገኝም። ድንጉላዎቹን የሚጠራው ሽታዋ የሚሠራው ውጭ፣ ወፍ በሚለቅምበት ሰማይ ላይ ነው። እሷ ካልተመለሰችና ቀፎው ሌላ አውራ የሚያሳድግበት ለጋ እጭ ከሌለው መንጋው ያልቃል። ሁበር የዘጋባቸው አውራዎች ከወፍ ድነዋል፤ ዘር ግን የላቸውም። ዛሬ እንደሚታወቀው አንዷ አውራ ከ10 በላይ ድንጉላ ትገናኛለች፤ አባታቸው የተለያየ ልጆች ያሉበት ቀፎ ደግሞ በሽታን የተሻለ ይቋቋማል። ለዚህ ነው መውጣቱ የሚያዋጣት።

ሁበር በልጁ በፒየር እየተረዳ ሥራውን ቀጠለ፤ ሁለተኛው ቅጽ እ.ኤ.አ. በ1814 ታተመ። እ.ኤ.አ. በ1831 ሎዛን ውስጥ አረፈ። አየር ላይ ያለውን ግንኙነት ራሱን ግን ቡርነንስም ቢሆን አላየውም፤ ሁለቱም የተረዱት ከሚመለሱት አውራዎች ገላ ላይ ነው።