ዶክተር ፍራንዝ ፋኖን፦ የቅኝ አገዛዝን የአእምሮ ቁስል የመረመሩ ሐኪም

ሐዋሳ፦ የሥነ ልቦና ሳይንስ በአፍሪካ የነፃነት ታሪክ ውስጥ ያለው ስፍራ ሲነሣ ስማቸው በቀዳሚነት ከሚጠቀሱ ምሁራን መካከል ዶክተር ፍራንዝ ፋኖን አንዱ ናቸው። በ36 ዓመታቸው ያረፉት እኚህ የአእምሮ ሐኪም ለአህጉሪቱ ነፃነት ሲሟገቱ አዲስ አበባ ድረስ የመጡ ሰው ነበሩ።

ዶክተር ፋኖን እ.ኤ.አ ጁላይ 20 ቀን 1925 በፈረንሳይ ቅኝ ግዛት በነበረችው የካሪቢያን ደሴት ማርቲኒክ ተወለዱ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከነፃ ፈረንሳይ ጦር ጋር ተሰልፈው በመቁሰላቸው የጦር ሜዳ ሜዳይ ተሸልመዋል። ሆኖም የተሰለፉለት ጦር ወታደሮቹን በቆዳ ቀለማቸው የሚያበላልጥ መሆኑን በዓይናቸው ተመልክተዋል።

ከጦርነቱ በኋላ በሊዮን ከተማ ሕክምና አጠኑ። ለመመረቂያ አስበውት የነበረው ጽሑፍ ተቀባይነት ባለማግኘቱ ሌላ ጥናት አቅርበው የተመረቁ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ጽሑፍ በ1952 «ጥቁር ቆዳ፣ ነጭ ጭምብል» በሚል ርእስ ታትሟል። የቪየናው ሐኪም ሲግመንድ ፍሮይድ የአእምሮ ጭንቀትን ምንጭ በይበልጥ በግለሰቡ የልጅነት ሕይወት ውስጥ ሲፈልጉ፣ ዶክተር ፋኖን ግን የጥቁር ሕዝብ የበታችነት ስሜት ከኅብረተሰቡ አወቃቀርና ከኢኮኖሚ ጭቆና የሚመነጭ መሆኑን አስረድተዋል።

በ1953 በአልጄሪያ የብሊዳ ሆስፒታል የክፍል ኃላፊ ሆነው ተመደቡ። በኃላፊነታቸው ሥር 165 አውሮፓውያን ሴቶችና 220 ሙስሊም ወንዶች ይታከሙ ነበር። ሕሙማኑ በስብሰባ፣ በእጅ ሥራ፣ በፊልምና በጋዜጣ ዝግጅት እንዲሳተፉ የሚያደርግ አዲስ የሕክምና ዘዴ ተግባራዊ አደረጉ። ዘዴው በሴቶቹ ዘንድ ፈጣን ውጤት ሲያስገኝ በወንዶቹ ዘንድ ግን ከሸፈ።

ዶክተር ፋኖን ጥፋቱን በሕሙማኑ ላይ አላላከኩም። ከባልደረባቸው ጋር ባደረጉት ምርመራ ጉድለቱ የራሳቸው እንደሆነ፣ ይኸውም ለአውሮፓ የተዘጋጀውን አሠራር የአካባቢውን ባህልና ቋንቋ ሳያጠኑ እንዳለ ማምጣታቸው መሆኑን ተረዱ። በመሆኑም በሆስፒታሉ ውስጥ የአገሬው ዓይነት ቡና ቤት ተከፈተ፤ ሃይማኖታዊ በዓላት መከበር ጀመሩ፤ ተረት አዋቂም እየተጋበዘ ሕሙማኑን ያጫውት ጀመር።

የአልጄሪያ የነፃነት ጦርነት በ1954 ሲፈነዳ ሐኪሙ የተገረፉትንም ገራፊዎቹንም ያክሙ ነበር። ከታካሚዎቻቸው አንዱ እስረኞችን ሲያሠቃይ ውሎ ማታ ሚስቱንና ልጆቹን የሚደበድብ የፖሊስ መኮንን ነበር። ግለሰቡ ሥራውን ለመተው ሳይሆን ያለ ጸጸት ለመቀጠል መታከም መፈለጉ፣ ግፍ ፈጻሚውንም የሚያሳምም መሆኑን አሳያቸው። ሰውን የሚያሳብድ ሥርዓት ሳይለወጥ ሕሙማንን ማዳን እንደማይቻል በማመናቸው በ1956 መጨረሻ ከመንግሥት ሥራቸው በገዛ ፈቃዳቸው ለቀቁ። ወዲያውም ከአልጄሪያ ተባረሩ።

ከዚያም በቱኒዝ ሕክምናውንና የትግሉን ጋዜጣ ሥራ አጣምረው ቀጠሉ። በ1960 የአልጄሪያ ጊዜያዊ መንግሥት በጋና አምባሳደር አድርጎ የሾማቸው ሲሆን፣ በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ነፃ የአፍሪካ መንግሥታት በአዲስ አበባ ባካሄዱት ጉባኤ ተካፍለዋል። በደም ካንሰር የታመሙት ዶክተር ፋኖን «የምድር ጎስቋሎች» የተሰኘውን መጽሐፋቸውን በሕመም ላይ ሳሉ አጠናቀው ዲሴምበር 6 ቀን 1961 በአሜሪካ አረፉ። የአልጄሪያን ነፃነት ለማየት የቀራቸው ሰባት ወር ብቻ ነበር። የብሊዳው ሆስፒታል በስማቸው ተሰይሟል።

በኢትዮጵያ የአእምሮ ሐኪሞች የስፔሻሊቲ ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2003 የተጀመረ ሲሆን፣ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ በ2012 ወጥቷል። በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲም የአእምሮ ሕክምና ትምህርት ይሰጣል። ይሁንና ብዙ ሕሙማን ወደ ሐኪም ከመቅረባቸው በፊት ጸበል ወይም የባህል መድኃኒት የሚሞክሩ በመሆናቸው፣ የብሊዳው ልምድ ለኢትዮጵያም እንግዳ አይደለም። የተለያዩ ቋንቋዎች በሚነገሩባት በሐዋሳም ሆነ በሌሎች ከተሞች አገልግሎት የሚሰጥ ሠራተኛ፣ ተገልጋዩ አልተባበረም ብሎ ከመፍረዱ በፊት አሠራሩ ለተገልጋዩ የሚስማማ መሆኑን እንዲመረምር የዶክተር ፋኖን ሕይወት ያስተምራል።