ሦስተኛው የአበበ ቢቂላ ሩጫ

የሻምበል አበበ ቢቂላ ስም ሲነሳ ሁሉም ሰው አፍ ላይ ቶሎ የሚመጣው ሮምና ቶኪዮ ነው። አንዱ ወርቅ በባዶ እግር፣ ሁለተኛው ወርቅ በጫማ። ከዚያ ወዲያ ያለው ታሪክ ግን በሁለት ቃል ያልቃል፤ የመኪና አደጋ ደረሰበት፣ ከጥቂት ዓመት በኋላም አረፈ ይባላል፣ በቃ። በመሃል ያሉት አራት ዓመት ከመንፈቅ ተዘለሉ ማለት ነው። ጀግናው ከባዱን ልምምድ የሠራው ግን በእነዚያ ዓመታት ነበር።

የኳስ አፍቃሪ ጉዳት ምን እንደሆነ ያውቃል። አንድ አጥቂ የጉልበቱ ጅማት ሲበጠስ ስድስት ወር፣ ዘጠኝ ወር ከሜዳ ይርቃል። ኦፕራሲዮን ይሆናል፣ ጂም ገብቶ ከቀላል ክብደት ይጀምራል፣ ወጌሻው ቀን ይቆጥርለታል። እግሩ ድኖ እንኳ ጭንቅላቱ ገና አልዳነም፤ ኳስ ሲቀማ ያችን የተጎዳች እግሩን ይሰስታታል። አበበ ቢቂላ በሕይወቱ ሦስት ጊዜ ከጉዳት ጋር ተፋጧል። አንዱን አሸነፈ፣ በአንዱ ተሸነፈ፣ ሦስተኛውን ደግሞ ማሸነፍም መሸነፍም በማይባልበት መንገድ ኖረበት።

ምልክት ይዞ መሮጥ

አበበ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሸዋ፣ ደብረ ብርሃን አውራጃ ጃቶ በምትባል መንደር ነው። አድጎ ክቡር ዘበኛ ተቀጠረ፤ እዚያም የስዊድኑ አሰልጣኝ ኦኒ ኒስካነን እጅ ገባ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ ማለትም በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ ሮም ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ ጨርሶ የዓለምን ሬከርድ ሰበረ። ሞሮኳዊውን ራዲ ቤን አብደሰላምን በ25 ሰከንድ ቀደመው።

ከዚያ ሩጫ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። አሰልጣኙና አበበ ከውድድሩ በፊት መንገዱን ሲያዩ፣ ጣሊያኖች ከአክሱም ወስደው ሮም ያቆሙት ሐውልት ፍጻሜው አካባቢ እንዳለ አይተው ነበር። ተፎካካሪን ጥሎ መሄጃው እሱ ነው ብለው ያዙት። አበበ ሐውልቱ ጋ ሲደርስ ፍጥነቱን ጨመረ፣ ነገሩም በዚያው አለቀ። (ሐውልቱ በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሶ፣ በ2000 ዓ.ም. አክሱም ላይ ቆሟል።) ማራቶን ሯጭ 42 ኪሎ ሜትሩን በአንዴ ካሰበው ገና ሳይጀምር ይደክመዋል። አንድ ምልክት ይይዛል፣ እሱ ጋ ይደርሳል፣ ከዚያ ሌላ ምልክት ይይዛል። ይህ ዘዴ ኋላ ሆስፒታል አልጋ ላይም ያስፈልግ ነበር።

ከኦፕራሲዮን አልጋ ወደ ቶኪዮ

በ1957 ዓ.ም. መስከረም ላይ፣ የቶኪዮ ኦሊምፒክ ማራቶን ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይቀረው፣ አበበ ልምምድ ላይ እያለ ሆዱን ያዘው። ትርፍ አንጀት ሆኖ ተገኘና ኦፕራሲዮን ተደረገ። እንኳን ማራቶን ሮጦ ማሸነፍ፣ መወዳደሩም አጠራጣሪ ሆነ። ገና ከሆስፒታሉ ግቢ ሳይወጣ ቀስ እያለ መሮጥ እንደጀመረ ይነገራል።

ጥቅምት 11 ቀን ግን ቶኪዮ ላይ ተሰለፈ። መሃል ላይ ሁሉንም ጥሎ ወጣና 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ በሆነ አዲስ የዓለም ሬከርድ ብቻውን ስታዲየም ገባ። የኦሊምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ሁለተኛ የወጣው እንግሊዛዊ ባሲል ሂትሊ እስኪመጣ ከአራት ደቂቃ በላይ ፈጅቷል፤ አበበ እሱን ሲጠብቅ ሣሩ ላይ ሰውነቱን ያፍታታ ነበር።

ይህ እንደ ተአምር ይወራል፤ ምክንያቱ ግን የሚታወቅ ነው። የዓመታት ልምምድ ያጠነከረው ልብና ሳንባ በጥቂት ሳምንት ዕረፍት አይጠፋም። የቆሰለው ደግሞ ሆዱ እንጂ እግሩ አልነበረም። ሕመሙ የሚያልፍ ሕመም ነበርና አለፈ።

ሜክሲኮ ላይ እግሩ እምቢ አለ

ሁለተኛው ጉዳት ሌላ ነው። ሐምሌ 1959 ዓ.ም. ስፔን ውስጥ ዛራውትስ ላይ ሲሮጥ እግሩን አመመውና ማራቶኑን አቋረጠ። ከዚያ ወዲህ እግሩ እንደድሮው አልሆነም። ጀርመን ድረስ ሄዶ ታክሟል። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ሲቲ ላይ ለሦስተኛ ወርቅ ሲሰለፍ ግን ጉዳቱ አብሮት ነበር።

ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,240 ሜትር ላይ ናት፤ ለሌላው መርዝ የሆነ አየር ለደጋ ልጅ ግን የለመደው ነው። ሁሉም ነገር ለእሱ የተመቸ ይመስላል፣ ከእግሩ በቀር። 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ አቋርጦ ወጣ። የዚያን ቀን ማሞ ወልዴ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ አሸንፎ ወርቁን ከኢትዮጵያ እጅ እንዳይወጣ አደረገ።

ሕመምን መቻል ጀግንነት ነው እየተባለ ላደገ ስፖርተኛ ማቋረጥ ከመሮጥ ይከብዳል። ግን ሁለት ዓይነት ሕመም አለ። አንደኛው ጡንቻ ሲሠራ የሚመጣው መቃጠል ነው፤ ይህ ይቻላል፣ ሲለመድም ይቀላል። ሁለተኛው ነገር ተበላሽቷል እያለ የሚነግረው ሕመም ነው፤ ይህንን በግድ ችሎ የሚሮጥ የሁለት ሳምንቱን ጉዳት የሁለት ዓመት ያደርገዋል። አበበ ሜክሲኮ ላይ ቆመ። ከዚያ በኋላ ማራቶን የመሮጥ ዕድል አላገኘም።

የመጋቢት 13 ሌሊት

አምስት ወር ብቻ ቆይቶ፣ መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ማታ፣ አበበ የሚነዳት ቮልስዋገን ከቁጥጥሩ ውጪ ሆና ተገለበጠች። ሌሊቱን መኪናዋ ውስጥ ተቀርቅሮ አደረ። ያገኙት ሲነጋ ነው። ሁለት ጊዜ ኦሊምፒክ ያሸነፈው ሰው ከአንገቱ በታች ያለው ሰውነቱ አልታዘዝ አለው። እግሮቹ ብቻ ሳይሆኑ እጆቹም።

ከሳምንት በኋላ፣ መጋቢት 20 ቀን፣ እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንዴቪል ወደሚባለው ሆስፒታል ተወሰደ። ይህ ቦታ ዝም ብሎ የተመረጠ አይደለም። ሉድቪግ ጉትማን የሚባሉ ከናዚ ጀርመን የተሰደዱ አይሁዳዊ ሐኪም በ1936 ዓ.ም. እዚያ የህብለ ሰረሰር ጉዳት ክፍል ከፍተዋል። ከዚያ በፊት እንዲህ ዓይነት ጉዳት የደረሰበት ሰው ተስፋ ተቆርጦበት ይተኛ ነበር፤ ብዙዎቹን የሚገድላቸው ከጉዳቱ ይልቅ የአልጋ ቁስልና የኩላሊት ኢንፌክሽን ነበር። ጉትማን በሽተኛው ቀንም ሌሊትም በየሁለት ሰዓቱ እንዲገላበጥ አደረጉ። ከዚያ ደግሞ ስፖርት አዘዙለት። ሐምሌ 22 ቀን 1940 ዓ.ም. የለንደን ኦሊምፒክ ሲከፈት፣ እሳቸው ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ 16 ተወዳዳሪዎችን በቀስት አወዳደሩ። የዛሬው ፓራሊምፒክ የተወለደው እዚያ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ግጥምጥሞሽ አለ። አበበ ሮም ላይ ወርቅ ባጠለቀ በስምንተኛው ቀን፣ የጉትማን ተወዳዳሪዎች በዊልቸር ሮም ገብተው የመጀመሪያውን ፓራሊምፒክ ጀምረዋል። ቶኪዮ ላይም አበበ ካሸነፈ ከሦስት ሳምንት ያልበለጠ ጊዜ ቆይቶ እነሱ ተከተሉ፤ ያን ጊዜ ክብደት ማንሳትም ውድድር ሆኖ ተጨምሯል። ሁለቱም ጊዜ ከኋላው የመጡትን ሰዎች እሱ ኋላ ይቀላቀላቸዋል ብሎ የገመተ አልነበረም።

ከዜሮ

አበበ ስቶክ ማንዴቪል ውስጥ ስምንት ወር ቆየ። ንግሥት ኤልሳቤጥ ሆስፒታል ድረስ መጥተው ጠይቀውታል፣ ከመላው ዓለም የመልካም ምኞት ካርድ ይጎርፍለት ነበር። ግን ካርድ እጅ አያንቀሳቅስም። መጀመሪያ ላይ እጆቹን ጭራሽ ማንቀሳቀስ አይችልም ነበር። ቀስ በቀስ ግን እጆቹ ተመለሱ። እግሮቹ ሳይመለሱ ቀሩ።

እግሩን ያጣ ሰው ልምምድ ምን ይመስላል? ክንድ የእግርን ሥራ መሥራት አለበት። ከአልጋ ወደ ዊልቸር ለመዛወር፣ መቀመጫው እንዳይቆስል በየጊዜው ብድግ ለማለት፣ ሰውየው የገዛ ራሱን ክብደት በክንዱ ያነሳል። ለዚህ ደግሞ ትከሻና ደረት መጠንከር አለባቸው። ከትንሽ ክብደት ይጀመራል፣ ትንሽ ትንሽ ይጨመራል። ቀስትም ከዚህ የተለየ አይደለም። ቀስት መሳብ ማለት ክብደት መሳብ ነው፤ በላላ ቀስት ተጀምሮ ወደ ጠንካራው ይኬዳል። ትከሻን፣ ጀርባንና ክንድን አንድ ላይ ያሠራል፣ ሆድና ወገቡ የማይታዘዘውን ሰው ደግሞ ሚዛን ጠብቆ መቀመጥን ያስተምረዋል።

አስቡት እንግዲህ። በሰዓት ወደ 19 ኪሎ ሜትር ይሮጥ የነበረ ሰው፣ አሁን የዕለት ሥራው እጅን ከፍ ማድረግ ነው። ማራቶን የሚፈጀው ሁለት ሰዓት ነው፤ ይህኛው ደግሞ ፊኒሹ የት እንዳለ አይታወቅም። ብዙ ስፖርተኛ የሚሰበረው እዚህ ላይ ነው፣ የድሮውን ሰውነቱን ከአሁኑ ጋር እያወዳደረ። አበበ ድሉን ከእግዚአብሔር እንደተቀበለ ሁሉ አደጋውንም ከእግዚአብሔር እንደመጣ ነበር የተቀበለው። መቀበል ግን እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አልሆነበትም። የማይመለሰውን ለቀቀ፣ የተመለሰለትን ይዞ ልምምድ ገባ።

በረዶ ላይ

ከአደጋው ዓመት ከጥቂት ወር በኋላ፣ ሐምሌ 1962 ዓ.ም.፣ አበበ በስቶክ ማንዴቪል የዊልቸር ጨዋታዎች በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። መጋቢት 1961 ላይ ጣቱ የማይታዘዘው ሰው በተከታዩ ዓመት ቀስት ስቦ ኢላማ ላይ ተኩሷል።

በ1963 ዓ.ም. ደግሞ የአካል ጉዳተኞች ውድድር ላይ እንግዳ ሆኖ ኖርዌይ ተጋበዘ። እንግዳ ተብሎ የሄደው ሰው መቀመጥ አልሆነለትም። በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ገባ። ቀጥሎ በበረዶ ላይ መንሸራተቻ 25 ኪሎ ሜትር ተወዳድሮ፣ 16 ተፎካካሪዎችን በ1 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ አሸነፈ። የጃቶው ልጅ በረዶ ላይ አንደኛ!

በ1964 ዓ.ም. የሙኒክ ኦሊምፒክ የክብር እንግዳ ሆኖ በዊልቸር ሲገባ ስታዲየሙ ቆሞ አጨበጨበለት። የማራቶኑ ቀን ጳጉሜን 5 ነበር፤ ከሮም በኋላ ልክ በ12ኛው ዓመት፣ በዚያው ቀን። ማሞ ወልዴ ነሐስ አገኘ። ወርቁን የወሰደው አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተር ሜዳሊያውን ከተቀበለ በኋላ ሄዶ አበበን ጨበጠው።

ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ ከአደጋው ጋር በተያያዘ ችግር ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ አረፈ። ዕድሜው 41 ነበር። በአዲስ አበባ ቅዱስ ዮሴፍ መቃብር ሲቀበር ንጉሠ ነገሥቱን ጨምሮ 65 ሺህ የሚደርስ ሰው ሸኝቶታል። ብዙ የከተማችን ኳስ አፍቃሪ ክለቡን ሊደግፍ የገባበት ስታዲየምም በስሙ ተሰይሟል።

ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የፓራሊምፒክ ወርቅ ያገኘችው በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ነው፤ ትዕግሥት ገዛኸኝ ማየት የሚቸገሩ በሚወዳደሩበት ዘርፍ 1,500 ሜትር አሸንፋ። ከተማዋ ደግሞ ቶኪዮ ነበረች።