ምድራችንን በከዋክብት የለኩት አንቷን ዳባዲ (1810–1897)

የካቶሊክ ሚስዮን ወደ ጉድሩና ወደ ቀሩት የኦሮሞ አገሮች እንዴት እንደ ገባ በሚተረክበት ጊዜ ሁሉ የአቡነ ማስያስ ስም በቅድሚያ ይነሣል፤ ይህም የሚገባ ነው። ሆኖም ከእርሳቸው አስቀድመው በዚያው መንገድ ያለፉ፣ ለመምጣታቸውም ምክንያት የሆኑ አንድ ምእመን ነበሩ። እኚህ ሰው ካህንም መነኩሴም አልነበሩም፤ ሰማይን እየመረመሩ ምድርን የሚለኩ የሥነ ፈለክ ሊቅ ነበሩ። በዚህ እትማችን የሕይወታቸውን ታሪክ ባጭሩ እናቀርባለን። ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ልደትና ወጣትነት

አንቷን ዳባዲ ጃንዋሪ 3 ቀን 1810 በአየርላንድ ዋና ከተማ በደብሊን ተወለዱ። አባታቸው የባስክ ተወላጅ ፈረንሳዊ፣ እናታቸው አየርላንዳዊት ነበሩ። ገና ልጅ ሳሉ ቤተሰባቸው ወደ ፈረንሳይ ስለ ተመለሰ ትምህርታቸውን በዚያ ፈጸሙ። በ1836 ወደ ብራዚል ተጉዘው የምድርን የመግነጢስ ኃይል መረመሩ፤ ከዚያም ልባቸው ወደ ኢትዮጵያ አዘነበለ።

በ1838 መጀመሪያ ከታናሽ ወንድማቸው ከአርኖ ጋር ምጽዋ ደረሱ። የላዛሪስት ማኅበር ካህን የነበሩት አባ ጁሴፔ ሳፔቶም አብረዋቸው ነበሩ። አባ ሳፔቶ በዐድዋ ቀሩ፤ በተከታዩም ዓመት ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያዕቆቢስ መጡ። አንቷን ግን የያዟቸው መሣሪያዎች ለታሰበው ሥራ እንደማይበቁ ስለ ተረዱ ያን ሁሉ መንገድ ወደ ፈረንሳይ ተመልሰው የተሻሉትን ገዙና በ1840 ዳግመኛ መጡ። በደከመ መሣሪያ ከመለካት ሁለት ዓመት ማጣትን መረጡ።

ሰማይን አይቶ ምድርን መለካት

ሥራቸው እንዴት ይከናወን እንደ ነበር ማስረዳት ይገባናል። የሰሜን ኮከብ በነቀምቴ ሰማይ ላይ ከአድማስ 9 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ይታያል፤ በምጽዋ ግን ወደ 16 ዲግሪ ይጠጋል። ስለዚህ የኮከቡን ከፍታ በጥንቃቄ የለካ ሰው ከምድር ወገብ ምን ያህል እንደ ራቀ፣ ማለትም ኬክሮሱን ያውቃል።

ኬንትሮስን ማወቅ ግን እጅግ አስቸጋሪ ነበር። ምድር በአንድ ሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትዞር በሰዓት ላይ የ1 ደቂቃ ስሕተት ቢኖር በእኛ አገር ምድር ላይ 27 ኪሎ ሜትር ያህል ያሳስታል። በበቅሎ ጀርባ ሲንገጫገጭ የሰነበተ ሰዓት ደግሞ ለአንድ ደቂቃ እንኳ አይታመንም። በዚህ ምክንያት የዚያ ዘመን ሊቃውንት ወደ ጨረቃ ይመለከቱ ነበር፤ ጨረቃ በጉዞዋ አንዱን ኮከብ የምትጋርድበት ቅጽበት አስቀድሞ ሊሰላ ስለሚችል እርስዋ ራስዋ በሰማይ ላይ እንደ ተሰቀለ ሰዓት ታገለግል ነበርና።

ዳባዲ ይህን የሰማይ ልኬት ከምድር ልኬት ጋር አጣመሩት። ከኮረብታ ኮረብታ እየወጡ በዙሪያው ወደሚታዩት ተራሮች በቴዎዶሊት እያነጣጠሩ ማዕዘናቸውን ይመዘግቡ ነበር። እንደ አገሩ ሊቃውንት ለብሰው፣ በባዶ እግራቸው እየሄዱ፣ በጦርነትና በሽፍታ መካከል በዚህ ሁኔታ ዓመታት አሳለፉ። በሺህ የሚቆጠሩት ልኬቶቻቸው በኋላ ተሰልተው ከ1860 ጀምሮ ስለ ኢትዮጵያ የምድር ልኬት በጻፉት ታላቅ መጽሐፍ ታተሙ።

ጉድሩ፣ ኢናርያና ካፋ

በ1843 አባይን ተሻግረው በጉድሩ በኩል ወደ ሊሙ ኢናርያ ወረዱ። የአገሩ ንጉሥ አባ ባጊቦ ተቀበሏቸው። ንጉሡ ከካፋ ሙሽራ ለማምጣት ሰዎች በላኩ ጊዜም ዳባዲ ከሚዜዎቹ ጋር ሆነው ቦንጋ ደረሱ።

በዚህ ጉዞ ያዩት ሕዝብ ከልባቸው አልጠፋም። ለኦሮሞ ሕዝብ ሰባኪ ወንጌል እንዲላክ ወደ ሮም ጻፉ። በ1846 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 16ኛ ለዚህ ሕዝብ ሐዋርያዊ ቪካሪያት አቋቋሙ፤ ካፑቺናዊውን አቡነ ማስያስንም ሾሙ። አቡነ ማስያስ ከብዙ መከራ በኋላ በ1852 ጉድሩ ገቡ።

የአባይ ምንጭ ጥያቄ

የነጭ አባይን ምንጭ ማግኘት ዳባዲ ከልብ የሚመኙት ነገር ነበር። በጃንዋሪ 1846 ከወንድማቸው ጋር የግቤ ወንዝ በሚፈልቅበት ደን ደርሰው የፈረንሳይን ባንዲራ ተከሉ፤ ምንጩን አገኘን ብለውም አሳወቁ። እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ አጥብቀው ተቃወሟቸው። ዳባዲ የግቤን ምንጭ በዓይናቸው አይተዋል፤ የወንዙን የታችኛውን ጉዞ ግን አልተከተሉም፤ ስለ እርሱ የተናገሩት በሰሙትና በግምታቸው ነበር። ግቤ ኦሞ ሆኖ ወደ ቱርካና ሐይቅ እንጂ ወደ አባይ አይሄድም። ይህንም በ1896 ኦሞን እስከ መጨረሻው ተከትለው ያረጋገጡት ጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ቦቴጎ ነበሩ። ቦቴጎ ከዚያ ወደ ሰሜን ሲጓዙ በምዕራብ ወለጋ ዳጋ ሮባ በተባለው ስፍራ ማርች 17 ቀን 1897 በውጊያ ሞቱ። ዳባዲም ከሁለት ቀን በኋላ፣ ማርች 19 ቀን፣ በፓሪስ ዐረፉ።

የመጨረሻ ዘመናቸው

ዳባዲ በ1848 ከኢትዮጵያ ሲመለሱ ልኬቶቻቸውን ብቻ ይዘው አልሄዱም። የሰበሰቧቸውን ከ200 በላይ የሆኑ የብራና መጻሕፍት ዝርዝር በ1859 አሳተሙ፤ ሰፊ የአማርኛ መዝገበ ቃላትም በ1881 አወጡ። በ1867 የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ አባል፣ በ1892 ፕሬዚዳንት ሆኑ። በ1882 ቬነስ በፀሐይ ፊት ስታልፍ ለመመልከት፣ በ72 ዓመታቸው እስከ ሄይቲ ተሻገሩ።

በባስክ ምድር በባሕር ዳር አባዲያ የተባለውን ግንብ አሠርተው በውስጡ ቤተ ጸሎትና የከዋክብት መመልከቻ አደረጉ፤ ግድግዳውንም በኢትዮጵያ ሥዕሎች አስጌጡ። ብርሃን በአየር ውስጥ እንዴት እንደሚታጠፍ ለማጥናት በግንቡ ግድግዳዎች ውስጥ ወደ ሩቅ ተራራ የሚያሳይ ቀዳዳ አስበጅተው ነበር፤ ሙከራው ግን አልሠራም። እርሳቸውም ምንም እንዳላዩና ምንም እንዳልተማሩ በባስክ ቋንቋ በድንጋይ ላይ አስቀረጹ።

ልጅ ስላልነበራቸው ግንቡን ለሳይንስ አካዳሚ አወረሱ፤ በ50 ዓመት ውስጥ የግማሽ ሚሊዮን ከዋክብት ዝርዝር እንዲዘጋጅም ግዴታ አኖሩ። ከእርሳቸው በኋላ በሌሊት እየነቁ ከዋክብቱን ከመዘገቡት መካከል ካህናት ነበሩ። ሥራው እስከ 1975 ቀጠለ።

ለእኛ የሚተርፈው

ግማሽ ሚሊዮን ከዋክብትን መቁጠር ለዳባዲ ዘመን የትውልድ ሥራ ነበር። በ2013 ወደ ጠፈር የተላከችው ጋያ የተባለች መንኰራኩር እስከ 2025 መጀመሪያ ድረስ ወደ 2 ቢሊዮን የሚጠጉ ከዋክብትን ስፍራና እንቅስቃሴ ለካች፤ ሊቃውንትም በዚህ ልኬት የእኛ ፍኖተ ሐሊብ እንዴት እንደ ተሠራ እየመረመሩ ነው። በአገራችንም በእንጦጦ ተራራ ላይ እያንዳንዳቸው የ1 ሜትር መስተዋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል።

ወጣቶች ሳይንስና እምነት ይጣላሉን ብለው ሲጠይቋችሁ፣ እናንተ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የዚህን ሰው ሕይወት ብትተርኩላቸው መልካም ነው። ስትተርኩ ግን የግቤን ነገር አትዝለሉት። ዳባዲ ራሳቸው ቆመው የለኩት ተራራ በስፍራው ተገኝቷል፤ ሳያዩ የተናገሩት የወንዝ መንገድ ግን ሌላ ሆኖ ተገኘ። ይህን ሁለቱንም የሰማ ልጅ፣ ያየውን ካላየው ለይቶ መናገርን ይማራል፤ ይህም ለሳይንስ ተማሪም ለወንጌል ምስክርም የሚያስፈልግ ነው።