ትንሿ ደመና

 

የዛሬው ባለታሪካችን ዐብዱረህማን አስ-ሱፊ ናቸው፤ አላህ ይዘንላቸው። በ291 ዓመተ ሂጅራ (903 እ.ኤ.አ.) ከዛሬዋ ቴህራን አጠገብ ባለችው ረይ ተወለዱ። በኋላም በገዥው በዐዱድ አድ-ደውላ ግቢ ሠሩ፤ ገዥውንም ስለ ከዋክብት አስተማሩት።

በዚያን ዘመን የሰማይ ካርታ ማለት ከ800 ዓመት በፊት የተጻፈው የበጥሊሞስ መጽሐፍ ነበር። ቀና ብለው ሰማዩን ሳያዩ ቁጥሩን ብቻ እያስተካከሉ የሚገለብጡት ሰዎች ነበሩ። ይህ ለአስ-ሱፊ አልተዋጠላቸውም። የከዋክብቱን ድምቀት በገዛ ዓይናቸው መዘኑ። በ964 ገደማ የጻፉት ሱወር አል-ከዋኪብ ለእያንዳንዱ ኅብረ ከዋክብት ሁለት ሥዕል አለው፤ አንዱ ከምድር እንደሚታየው፣ ሌላው ከውጭ ሆኖ በሉል ላይ እንደሚታየው።

እዚያው መጽሐፍ ውስጥ፣ ዐረቦች ትልቁ ዓሣ በሚሉት ምስል አፍ አጠገብ፣ አንዲት ትንሽ ደመና መዘገቡ። ቦታው አንድሮሜዳ ነው (በግሪኮች ተረት የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት፤ ዘመድ ነን ማለት ነው!)። ቴሌስኮፕ የመጣው ከዚያ 600 ዓመት አልፎ ነው። ደመናዋ ራሷን የቻለች ጋላክሲ መሆኗ የተረጋገጠው ደግሞ በ1920ዎቹ በኤድዊን ሀብል ነው። ርቀቷ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ነው።

ጋላክሲዋ እንደ ስስ ሳህን ጠፍጣፋ ናት፤ መሃሏ ላይ ግን ያረጁ ከዋክብት የታጨቁበት እብጠት አለ። ሳህኗ በጣም አጋድላ ስለምትታየን ሞላላ ትመስላለች። ጠርዟ ደብዛዛ ስለሆነ በባዶ ዓይን የሚታየው በዋናነት መሃሏ ነው። አስ-ሱፊ ደመና ያሉት እንግዲህ በአብዛኛው ያንን እብጠት ነበር። እብጠቱም ድቡልቡል ብቻ አይደለም፤ ሳጥን መሳይ ቅርጽ አለው። የእኛው የፍኖተ ሐሊብ እብጠት ከጎን ቢታይ ከነቅርፊቱ ያለ ለውዝ ይመስላል። ጋላክሲን ዞሮ ማየት ስለማይቻል፣ ተመራማሪዎች ይህን የሚያውቁት ከከዋክብቱ እንቅስቃሴና በተለያየ አቅጣጫ ካጋደሉ ብዙ ጋላክሲዎች ነው።

አስ-ሱፊ በ986 አረፉ። በጨረቃ ላይ በስማቸው የተሰየመ ጉድጓድ አለ።

ደመናዋን ከቦሌ ወይም ከሰሚት ፎቅ ላይ ሆኖ መፈለግ ልፋት ነው፤ መብራቱ ይውጣታል። በአያት በኩል ለገጣፎን አልፋችሁ ውጡ። ጨረቃ በሌለበት የኅዳር ምሽት፣ ከዒሻ በኋላ፣ ወደ ሰሜን ከፍ አድርጋችሁ ተመልከቱ። ስልካችሁን አጥፉና ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ሩብ ሰዓት ያህል ጠብቁ።